ሞዴል ፍለጋ እስከ ኩየራ

ሰው ስለ ደርግ ዘመን ሲያወራ ሰልፉንና መፈክሩን ያነሳል። እኔ የማስታውሰው ድካሙን ነው፤ ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ የሚጀምረኝን ድካም። ያኔ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት የእህል ግዢ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክፍሉ ማለት አንዲት ማሽን፣ አንድ የማይዞር ቬንቲሌተር፣ እኔና አንድ ባልደረባዬ ማለት ነው። ባልደረባዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳል፤ "እትዬ" ነበር የሚለኝ። እኔ የተማርኩትን ብቻ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እሱ ግን ማሽኗን ያናግራታል። ስትበላሽ ይጨቃጨቃታል፣ ስትሠራ ያመሰግናታል። "ኤዲያ፣ ሚስት አግባና ከሷ ጋር ተጨቃጨቅ" እለው ነበር።

ማሽኗ በእርዳታ የመጣች ናት። አብረዋት የመጡት ለቅርንጫፎቹ ታድለዋል፤ ለሁሩታ፣ ለአሰላ፣ ለዝዋይ፣ ለሻሸመኔ፣ ለኩየራ። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሲከፈቱ ግን ሞዴላቸው ይለያያል፣ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ አይገጥምም። ሞዴሉ ከጀርባ በተለጠፈች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። አንድ ዓመት ለአብዮት በዓል የወዳጅ አገር እንግዶች ይጎበኙናል ተባለና የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ደሙ ፈላ። "የኢምፔሪያሊስት ማርክ ለጥፈን ነው እንግዳ የምንቀበለው?" ብሎ ለየቅርንጫፉ ትእዛዝ አስተላለፈ። ቆርቆሮዋ በየቦታው በፒንሳ ተነቀለች፤ አልነቀል ያለችው በሞረድ ተፋቀች፤ በላዩ ላይ ግራጫ የዘይት ቀለም ተቀባ። ወይ ጉድ! እንግዶቹ እንኳን ወደ ማሽኑ ክፍል ወደ ግቢውም አልመጡ።

ባልደረባዬን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ከኪቦርዱ አጭር ትእዛዝ ሲጽፉላት ማሽኗ ምን ዓይነት እንደሆነች ራሷ ትመልሳለች፤ እሱ ደግሞ መልሱን በዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራና በፍሎፒ ያዘው። ዓይነቷን፣ ሞዴሏን፣ የዋናውን ቦርድ፣ ዕቃዋ ሁሉ የተሰካበትን ሰሌዳ፣ እትም በተራ ይጠይቃታል፣ እሷም በአረንጓዴ ፊደል ስክሪኑ ላይ ትጽፋለች። "ካድሬው ጀርባዋን ፋቀ እንጂ ሆዷን አልፋቀም" ይለኝ ነበር። "ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል" እለዋለሁ። የኛ ማሽን የምትሰጠውን መልስ ሁለታችንም በቃላችን ይዘነው ነበር።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣ መሰለኝ፣ ማሽኗ ጢስ ጢስ ሸተተችና ጸጥ አለች። ከፍተን ስናይ ዋናው ቦርድ ጠቁሯል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እፎይ፣ ለጥቂት ቀን አርፋለሁ አልኩ። ዘወር ስል የሱ ፊት አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

በዚያ ዓመት ቀበሌዎቹ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ያድኑ ነበር። ገበያ የወጣው፣ ኳስ ሊያይ የቆመው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ይታፈሳል። እሱ እስከዚያ የተረፈው ሥራ አስኪያጁ "ያለ እሱ ማሽኗ አትሠራም" የሚል ደብዳቤ እየጻፉለት ነው። ማሽኗ ከሞተች የምን ደብዳቤ? አብረን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ።

"ጓዶች፣ ለማትሠራ ማሽን ሠራተኛ ያስፈልጋል ብዬ ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አሉ። "ከቅርንጫፎቹ ተመሳሳይዋ ከተገኘች ቦርዱን ፈታችሁ አምጡ። ቅርንጫፉ እንደ ድሮው በእጁ ይጻፍ። ቀበሌውን እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሡኝ ብያለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።"

ተመሳሳይዋ የትኛዋ ናት? ለየቅርንጫፉ ስልክ ደወልን። የአሰላውን ሰው "ሞዴሏ ምንድን ነው?" ብንለው "ግራጫ" አለን። የዝዋዩ ደግሞ "የንብረት ቁጥሯን ልንገራችሁ?" አለ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር በስልክ ምን ይባላል? እሱ ፍሎፒውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ፣ እኔ የጉዞ ፈቃዳችንን ይዤ ተነሳን።

ሁሩታ ማሽኗን የገብስ ጆንያ ተቆልሎባት አገኘናት። ጆንያውን አውርደን፣ አቧራውን ጠርገን፣ መብራት ጠብቀን ስንጠይቃት ሌላ ሞዴል ናት። አሰላም ሌላ። አሰላ ብርዱ ቢገርፈኝም ከናዝሬት አቧራ ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ። ዝዋይ ላይ ስክሪኑ የኛን ሞዴል መጻፍ ሲጀምር ልቤ ቀጥ አለ፤ መጨረሻ ላይ ግን የቦርዱ እትም የተለየ ሆነ። እሱ ፍሎፒውን እያወጣ "አሮጌው ነው፤ አይገጥምም" አለ። እኔ ወጥቼ ማሽኗንም፣ የላካትንም፣ የፋቃትንም ረገምኩ።

መንገዱ ከፍለጋው ይብስ ነበር። ኬላ በደረስን ቁጥር አውቶቡሱ ይቆማል፣ ወጣት ወጣቱ ውረድ ይባላል። ወረቀቱን የማወጣውም የምለፈልፈውም እኔ ነኝ። "የመንግሥት ሥራ ላይ ነን፣ ጓድ፤ ማሽን ቆሞብን ነው" እላለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አብረውን ከተሳፈሩት ውስጥ ወርደው የቀሩ ነበሩ። መቀመጫቸው ባዶውን ሲሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ሁላችንም በመስኮት ግራሩን እናያለን።

ሻሸመኔም ሌላ ሆነ። እዚያው አድረን በማግስቱ ኩየራ ስንደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ለመጨረሻ ያስቀመጥናት እሷን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የምንጠይቃት ማሽን የለም።

የኩየራው ቅርንጫፍ አንድ መጋዘንና አንድ ቢሮ ነው። በማሽኗ የሚሠራው ሰው በሩ ላይ ጠበቀን፤ የሠላሳ ዓመት ሰው ያህላል፣ ረጅም፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። "አካም ጅርቱ! በሰላም ገባችሁ?" ብሎ እጃችንን በሁለት እጁ ያዘ። መብራት የለም፤ ከምሳ በኋላ ይመጣል ተባለ። "እንግዲያው ቤት እንሂድ" አለ። "የለም፣ እዚሁ እንጠብቃለን" አልኩ። "እንዴ! ናዝሬት ድረስ ጦማቸውን ሰደዳቸው ልባል?" ብሎ ቦርሳዬን ነጠቀኝ።

ቤቱ ቅርብ ነው። ሚስቱ ምሳ አቅርባ ነበር፤ ዕርጎና ቅቤ የገባበት ጎመን። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። እነሱ የከተማው የፕሮቴስታንት ሚሽን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለሆኑ የኛን ጾም አይጾሙም። አፍሬ ዝም ልል ስል ባልደረባዬ "እትዬ ትጾማለች" ብሎ አፈነዳው። ሴትየዋ ሳቀችና "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ብላ እንደገና እሳት አነደደች፤ ድንችና ጥቅል ጎመን በዘይት ሠራችልን። ገና መዳህ ያልጀመሩ መንታ ሕፃናት ነበሯት። አንዱን እኔ ያዝኩላት፣ አንዱን ለባልደረባዬ ሰጠችው። እሱ ሕፃን ይዞ አያውቅም፤ እንደ እንቁላል ትሪ ወደ ፊት ዘርግቶት ቀረ። ሳቅንበት። ከናዝሬት ከወጣን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

ስንበላ ሰውዬው ለምን እንደመጣን ጠየቀ። ከዋናው ቢሮ የተነገረው "ማሽን ሊያዩ ነው" ብቻ ነው። ነገርኩት፣ ምን ልደብቅ? ተመሳሳይ ከሆነች ቦርዱን ፈትተን እንወስዳለን አልኩ። የጎረሰውን ቀስ ብሎ ዋጠ። ሚስቱ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

"እኔም በዚችው ማሽን ነው ያለሁት" አለ። "ቀበሌው ባለፈው መጥቶብኝ ነበር፤ አለቃዬ ለማሽኗ ያስፈልጋል ብሎ ነው ያስቀረኝ።" ከዚያ ራሱ ቶሎ ብሎ፣ "ብቻ የታዘዛችሁትን ነው፤ ከሆነች ትሆናለች፣ ምን ይደረጋል። ጎመን ጨምሩ እንጂ" አለ። እኔ እጄን ከምግቡ ሰበሰብኩ። ባልደረባዬ ግን የቀረበለትን በሙሉ በላ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሕፃኑን በአንድ ክንዱ ይዞ።

መብራት መጣ። ቢሮ ተመልሰን ማሽኗን አስነሳናት። ሰውዬው ወንበሩን ለባልደረባዬ ለቀቀለትና ከኋላው ትንሽ ቆመ። መቆሙ አላስቻለው መሰለኝ "ለስላሳ ይዤላችሁ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ፍሎፒው ገባ፤ ትእዛዙ ተጻፈ። ማሽኗ ትንሽ አጉረመረመችና መጻፍ ጀመረች። ዓይነቷ፣ ልክ። ሞዴሏ፣ ልክ። የቦርዱ እትም፣ ልክ። እያንዳንዷ ፊደልና ቁጥር ልክ እንደኛዋ ነች። ትከሻውን ጨበጥኩት። "ተገኘች!" ልል አፌን ስከፍት እሱ እጁን ዘርግቶ ማሽኗን አጠፋት።

ሰውዬው ሦስት ጠርሙስ ይዞ ገባ። ፊቱ ብቻ ነው የጠየቀን።

"ሌላ ሞዴል ናት" አለ ባልደረባዬ። "አትገጥምም።"

ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እርስ በርስ ተንቀጫቀጩ። "ታዲያ... እንዲህ ለፍታችሁ" አለ። ለኛ ማዘን ፈልጎ ነው፣ ግን ፊቱ እሺ አላለውም፤ ደስታው አመለጠው። እኔ "የለም፣ ትገጥማለች፣ መልሰህ አብራት" ማለት እችል ነበር። የማን ልጅ ይሂድ ብዬ ነው የምናገረው? ለስላሳውን ጠጣን፤ "ገለቶማ" ብለን በኦሮምኛ አመስግነን ተሰናበትን።

አውቶቡስ ላይ ግን ለቀቅኩበት። "አብደሃል? ምን ነካህ? እናትህን ምን ልበላት?" አልኩት። ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምጮኸው፤ እንዲያ መጮህ ይበልጥ ያደክማል። እሱ መስኮቱን ተደግፎ፣

"ምሳ ባንበላ ይሻል ነበር፣ እትዬ" አለ። "ምሳ ባንበላ እፈታው ነበር።"

"ምሳ! ለአንድ ሳህን ድንች ነው ነፍስህን የምትሰጠው?"

"ሕፃኑ እጄ ላይ ተኛብኝ እኮ" አለኝ። "በዚያ እጄ ነበር ብሎኑን የምፈታው?" ትንሽ ቆይቶ እሱ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ እያለቀስኩ ዝዋይን አለፍን።

ለሥራ አስኪያጁ "አላገኘንም" አልናቸው። ሥራ አስኪያጁም ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ "እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ" አሉ። አድርገዋል፣ ምን ልበል። ወሩ ሲያልቅ ቀበሌው መጣና ወሰደው። በጭነት መኪና ሲሳፈሩ ቆሜ አየሁ፤ ከተጫኑት መሀል በዓይኔ ፈልጌ ያገኘሁት መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ያየው ሰውም አላገኘሁም።

ከሄደ ጥቂት ሳምንት በኋላ እናቱ ቢሮ መጡ። የተጠቀለለ ነጠላቸውን አስተካክለው የሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የሱ ወንበር መሆኑን አያውቁም። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። አልመጣም አልኳቸው።

"እንዲያው ልጄ፣ ያን ሁሉ አገር ዞራችሁ አንድ እንኳ የምትመሳሰል ጠፋች?" አሉኝ።

"ጠፋች፣ እማማ" አልኩ።

"ይሁን። አንቺስ ምን ታደርጊ፣ ለፍተሽለታል።" ከዚያ ፊታቸው በራ። "ከመሄዱ በፊት ስለ ኩየራ አውርቶኛል። ለጾመኛ ብለው ሌላ ምሳ ሠሩልን አለኝ፤ መንታ ነው አሉ ያላቸው፤ አንዱን አሳቅፈውት እጁ ላይ ተኛ። ያን ሲያወራኝ እንዴት ይስቅ እንደነበረ! ለልጄ ያን ቀን ደስታ የሰጡትን እግዚአብሔር ደስታ ይስጣቸው። አባታቸው ሳይለያቸው ይደጉ፣ በይ አሜን በይልኝ።"

"አሜን፣ እማማ" አልኩ።