የእናቴ ዓይኖች በጥላ ውስጥ

እናቴ ፎቶ እንዳነሣት የጠየቀችኝ፣ የጉበቷ ሕመም እንደማይድን ሐኪሙ ለእህቴና ለእኔ በነገረን ሰሞን ነው። ለእሷ የተነገራት ግን የሐሞት ጠጠር ነው ተብሎ ነበር። እህቴ ወሰነች፤ አጎቶቻችን ደገፏት። እኔ ተቃወምኩ፤ ተቃውሞዬን ውጭ አገር የቆየ ሰው ጭካኔ አድርገው ቆጠሩት። በቤታችን ደንብ ሕመምተኛው የገዛ ሕመሙን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ያውም ከሰማ።

የእናቴ ዓይኖች ቢጫ ሆነው ነበር።

«ፎቶው ላይ እንዳይታይ» አለችኝ እህቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካየችው ትጠይቃለች። የብርሃን ዶክተር አይደለሽ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።»

የፎቶ ብርሃንን ያጠናሁት በብርድ ወራት ፀሐይ ከአድማስ እምብዛም ከፍ በማትልበት የሰሜን አገር ነው። እዚያ ባትሪ በቅዝቃዜ ይሞታል፣ ጣት ይደነዝዛል፤ ጥላው ግን አይቸኩልም። ሰማያዊው የበረዶ ነጸብራቅም ፊት ላይ ያለውን ቢጫ ያደበዝዛል። እዚህ ልደታ ሰፈራችን ግን ፀሐይ ሽቅብ ነው የምትወጣው። ከፊታችን ያለው ኮንዶሚኒየም በረንዳችንን የሚያጠላው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ጥላ ውስጥ፣ ካሜራውን ለፀሐይ ብርሃን እንደተስተካከለ ትቼ ባነሣት፣ ምስሉ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ቢጫው ይዋጣል። ከዘገየሁ ግን ፀሐይዋ ሁሉንም ታወጣዋለች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«በጥላ ልታነሺኝ ነው? ወደ ፀሐዩ ልውጣ እንጂ። ገና አልሞትኩም።»

«ፀሐይ ዓይን ያስጨፍናል፣ እማዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያየኋት ፀሐይ?»

እህቴ ከበሩ ሆና «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እማዬ። ዶክተሯ በረዶ ላይ የተማረችውን ትሞክርብሽ» አለች። ሳቀች፤ እጇ ግን የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ነበር።

የብርሃኑ ጠርዝ ከእናቴ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወደ ራሷ እየወረደ ነበር። አነሣሁ፤ ደገምኩ። ፀሐይዋ ሻሿን ስትነካ ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ።

የውጭው በር ተንኳኳ፤ እህቴ ልትከፍት ሄደች።

«አምጪው» አለች እናቴ።

ካሜራው ላይ ያለውን ምስል ወደ ዓይኗ አቅርባ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዓይኔን ማን አነጣው?»

ጥላ የብርሃንን ቀለም እንዴት እንደሚለውጥ ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እህትሽ የመታጠቢያ ቤቱን መስተዋት ተሰበረ ብላ ደበቀችው» አለች። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ሁሉ መስተዋት አለው እኮ። ሞኝ ናት። የሐሞት ጠጠር ያለበትን ሰው ወንድሞቹ በየቀኑ እየመጡ ግንባሩን አይስሙትም።»

«እማዬ…»

«እንዳትነግሪያት። ማወቄን ካወቀች አትችለውም። አንቺ ትችያለሽ።»

ይህን ያለችው ለሙገሳ አልነበረም።

እህቴ ተመለሰች። መጀመሪያ የእናቴን ፊት፣ ቀጥሎ የእኔን መረመረች።

«እንዴት ነው?»

«አሳምራኛለች» አለች እናቴ። «አሳጥቢውና ሳሎን ይሰቀል።»

እህቴ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በምስጋና ተመለከተችኝ። የማይገባኝ ምስጋና ነበር፤ ተቀበልኩት።