ከሙታን መሐል «አቤት!» ያሉት ሽማግሌ

ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ከደብረ ማርቆስ አሶሳ ተመድቤ መጣሁ። አስተምራለሁ ብዬ ነበር፤ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ስም ለቃሚ ሆንኩ። ከአካባቢው ተነሥተው ኮሪያና ኮንጎ ለዘመቱ ወታደሮች ትንሽ ሐውልት ሊቆም ነበርና የተመለሱትንም ያልተመለሱትንም እንድመዘግብ ታዘዝኩ።

ከባምባሲ መንገድ ገባ ብሎ ካለ መንደር አንዲት ባልቴት አገኘሁ። «ባሌ ኮሪያ ሄደ፣ ሞተ። ስም ጻፍ!» አሉኝ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። የሞቱ ወሬ ሲደርስ የባላቸው ታናሽ ወንድም አግብቷቸው ወልደዋል። እሱም አሁን በሕይወት የለም። የባላቸውን ስም ከሙታኑ ጋር ጻፍኩት።

በምረቃው ዕለት ከሐውልቱ ፊት ቆሜ የሙታኑን ዝርዝር ማንበብ ጀመርኩ። የባልቴቷ ባል ስም ላይ ስደርስ ከሕዝቡ ዳር «አቤት!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የቢሯችን ዘበኛ ነበሩ። በየጠዋቱ በር የሚከፍቱልኝ፣ አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ ዝምተኛ ሽማግሌ። በዘበኛ ካፖርታቸው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰው ሳቀ። እኔም የተሳሳቱ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩ።

«አቤት» አሉ፣ አሁን ቀስ ብለው። ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ወርጄ ሄድኩ። «አባባ፣ እርስዎን አልጠራሁም እኮ!»

«ጠራሽኝ እንጂ፣ ልጄ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው። ያ እናንተ የምትጠሩኝ ስም ስቀጠር የሰጡኝ ነው። ከአፌ ነው ያመለጠኝ።»

በየቀኑ ሰላም የምለውን ሰው በገዛ እጄ ከሙታን ጋር ጽፌዋለሁ!

ባልቴቷ ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። ሽማግሌውን ትኩር ብለው አዩአቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የሽማግሌውን ግራ ጆሮ ነኩ፤ ከጫፏ ትንሽ የተቆረጠች ናት። ነክተዋት ሲያበቁ መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። የክብር እንግዶቹ እንኳ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«እኔ አልቅሷል» አሉ ባልቴቷ። «ሞተ ብሎ አልቅሷል። አንተ እዚህ በር ይከፍታል?»

ሽማግሌው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። «መጥቼ ነበር» አሉ። «መንደሩ መግቢያ ላይ ሰው ጠየቅሁ። ወንድምህ አግብቷታል፣ ልጅ ታቅፋለች አሉኝ። ገብቼ የማንን ቤት ላፍርስ? ተመለስኩ።»

ሽማግሌው ወንድማቸው መሞቱን ያን ዕለት ከባልቴቷ ነው የሰሙት። ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ የቀሩትን ስሞች ሌላ ሰው አነበበልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ሥራቸውን ለቀቁ። የወንድማቸው የበኩር ልጅ መጥቶ ወደ መንደሩ ወሰዳቸው። እኔም ስማቸውን ሐውልቱ ላይ ከተመለሱት መካከል አስጻፍኩ፤ አሮጌው ቦታ ላይ የተፋቀው ግን እስካሁን ይታያል።

ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌውን ልጠይቅ መንደሩ ሄድኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ። ባልቴቷ አንድ ጣሳ ውሃ አምጥተው፣ የሽማግሌውን ፊት ሳያዩ አጠገባቸው አስቀምጠው ገቡ።

«ያነጋግሩዎታል?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለሦስት ወር ዝም ብላኝ ነበር» አሉ። «አሁን ትሰድበኛለች።» ደስ ብሏቸዋል።