አንበሳውን የት አየኸው?

ቅዳሜ አጎቴን ቀብሬ የተመለስኩት ተናድጄ ነው።

አጎቴ ዲላ ላይ ሲያስተምሩን «በአካባቢያችሁ ስለሚኖር አውሬ ከራሳችሁ አፍልቃችሁ ጻፉ» ባሉ ቁጥር ሁላችንም ስለ አንበሳ ጀግንነት እንጽፍ ነበር። እሳቸውም ሁልጊዜ «አንበሳውን የት አየኸው?» ይሉ ነበር።

«ሳንቲም ላይ፣ ጋሼ። ከጃንሆይ ጀርባ» አልኳቸው አንድ ቀን።

በመስኮቱ ወደ ዋንዛው ዛፍ አሳዩኝ። «ያ ጉሬዛ ምን በደለህ? እሱ በየቀኑ ያይሃል።»

ስለ ጉሬዛው «ነጭ ጋቢ ደርቦ ለቅሶ የሚሄድ ሽማግሌ ይመስላል» ብዬ ስጽፍ ለክፍሉ ሁሉ አነበቡት።

ቅዳሜ ታዲያ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የድሮ ተማሪያቸው «እንደ አንበሳ ኖረው አለፉ» አለ። ሕዝቡም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ዘመን የለፉት ለዚህ ነው? አቋርጠው «የት አየኸው?» የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው።