ኬሪን ፓስኮ ካሜራ ስትመርጥ

ኬሪን ፓስኮ ቤንዲጎ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የፍሳሽ ቧንቧ ስትቆፍር ኖራ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ጡረታ ልውጣ እያለች ታስብም ጀመር። ከዚያ በፊት ግን ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ካሜራ ልትገዛ ትሬቨር ሱቅ ሄደች። ከመኪናዋም እንደ ክርን የታጠፈ አሮጌ የሸክላ ቧንቧ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ምነው ኬሪን፣ ሱቄን በጭቃ ልትለቀልቂው ነው?" አላት ትሬቨር።

"አንተ ካሜራህን አምጣ! የዚህ ከተማ ቧንቧ እንደሆነ እንዲህ ነው።"

መጀመሪያ ያመጣላት ስክሪኑ ትልቅ፣ ምስሉም ጥርት ያለ ነበር። ልቧ ወደደው፤ ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱ ተቀረቀረ። የሁለተኛው ስክሪን አነስ ያለ ነው፤ ጭንቅላቱም ሎሚ አያክልም። ገመዱን ገፋ ስታደርገው ሸርተት ብሎ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ።

"የኔስ ይሄ ነው!" አለች።

በማግስቱ ደንበኛዋ ወይዘሮ ኦርየል ግቢ፣ የዛፍ ሥር ቧንቧውን የሰነጠቀበትን ቦታ በካሜራው አገኘችው። ድሮ ቢሆን ግቢውን በሙሉ ታምሰው ነበር፤ አሁን የቆፈረችው አንዲት ጉድጓድ ብቻ ነው።

"አበቦቼስ?" አሉ ወይዘሮ ኦርየል በር ላይ ቆመው።

"አንድም አልተነካ እትዬ" አለች ኬሪን እየሳቀች። "እኔም ጡረታ የመውጣቱን ነገር ትቼዋለሁ።"