ከአርባ አራቱ አንዱ

ምንይሉ አዲስ ቅጽ ሲሰጠው መጀመሪያ የሚሞክረው በራሱ ላይ ነበር። ሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች «አንተ ደግሞ ራስህን ሳትጠይቅ አትወጣም!» እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ምክንያት ነበረው። ጥያቄ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ፣ የትኛው ቃል ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንኛ ሲዞር እንደሚጎረብጥ የሚታወቀው ሰው ሲመልሰው ነው። ስለዚህ ሰቆጣ በተከራያት ክፍል ውስጥ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ራሱን ይጠይቃል፤ ራሱም ይመልሳል። ሲጨርስ ሙከራውን ይሰርዛል። በስድስት ዓመት ሥራው ሳይሰርዝ የቀረው አንዴ ብቻ ነው።

ያ ቅጽ ለድርቁ ስንዴ የሚያድል የፈረንጅ ድርጅት ያመጣው፣ ስለ ድርቅና ስለ ጤና የሚጠይቅ ነበር። ስንት ፍየል ሞተ፣ ውኃ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ቤት ውስጥ የታመመ አለ ወይ፤ መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ዘጠና ሰባተኛው ግን «ከወንድ ጋር ፍቅር ይዞህ ያውቃል?» ይላል። ምንይሉ ሥልጠናው ላይ ይህን ሲያነብ እጁን አወጣ።

«ይህን ዝቋላ ወረዳ ወስደን ብንጠይቅ ሰው ይሞትበታል» አለ።

አሠልጣኙ ዴዝመንድ ነበር፤ አያቶቹ ከጃማይካ ሄደው ለንደን የተወለደ ጥቁር ሰው። ገበያ ውስጥ ሲያልፍ የሰቆጣ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ሲከተሉት ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። «ለንደን ወደ አገርህ ሂድ ይሉኛል፤ አፍሪካ ስመጣ ደግሞ ፈረንጅ ሆኜ አረፍኩት» ይላል። ጥያቄውን እሱም አልወደደውም። ይውጣ ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ጽፏል። የመጣለት መልስ «ቅጹ ለአሥራ አንድ አገር አንድ ነው፤ አይነካም» የሚል ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ምንይሉን ለብቻው አግኝቶ እንዲህ አለው፦ «በአያቶቼ ደሴት እንዲህ ያለውን ሰው የሚያሳስረው ሕግ የእንግሊዝ ነው። አያት ቅድመ አያቶቼን በሰንሰለት የገዙት ሰዎች የጻፉት ማለት ነው። ዛሬ ያንን ሕግ ልንካ ብትል ደሴቱ በሙሉ ባህላችን ነው ብሎ ይነሣብሃል። አሁን ደግሞ የነዚያው የልጅ ልጆች ቅጽ ይዘው መጥተው፣ ስንት ናችሁ፣ እንዲህ ያለውንስ ለምን ትጠላላችሁ ይሉናል።»

ምንይሉ የሰማው ነገር ከረመበት። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ኮምቦልቻ ስለተዛወረው፣ ኤርምያስ ስለሚባለው ሾፌር፣ ለነፍስ አባቱ እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ እንደ ልማዱ ቅጹን ለመሞከር ተቀመጠ። ስፍራ በሚለው ላይ የተወለደባትን የዝቋላ መንደር ሞላ፤ ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ «አዎ» የሚለውን ተጫነ። በዕድሜው እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበርና፣ ጠያቂው ራሱ ቢሆንም፣ ሸክም ያወረደ መሰለው። ከደስታው ብዛት ሳይሰርዝ ተነሣ። ታብሌቱ ኔትወርክ ሲያገኝ ላከው።

በዚያው ሳምንት ወደ መንደሩ ወርዶ አርባ ሦስት ወንዶችን ጠየቀ። ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ ግን አፉ አልከፈት እያለው፣ ለሁሉም «አይደለም» ብሎ ራሱ ሞላ።

ሦስት ወር ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ «መረጃው የሕዝብ ነው» ብሎ ውጤቱን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጠፈ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የሻምበል የሚባለው፣ የምንይሉ አጎት፣ የእናቱ ወንድም ነው። ለተሰበሰበው ሰው እየጮኸ ሲያነብ ከዘጠና ሰባተኛው መስመር ደረሰ፦ ከአርባ አራት ወንዶች አንዱ «አዎ» ብሏል። በማግሥቱ ለምንይሉ ስልክ ደወለ።

«ና ውረድ። አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ ተወላጅ አይቀርም።»

አውጫጭኝ ዘዴው የሚያስደንቅ ሥርዓት ነው። በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ያደረገው ሳይታወቅ ከቀረ፣ የአገሩ ወንድ በሙሉ በአንድ አጥር ውስጥ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም፤ ሲመሽ እየተማማሉ ይለያያሉ፣ ሲነጋ ይመለሳሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ቀርቦ ያየውን የሰማውን በጆሯቸው ይናገራል። «አየሁ» ማለት ግን አይጠበቅበትም። «ወፍ ነገረችኝ» ካለ ይበቃል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ምስክር ከቂም እንዲድን የተበጀ ነው። ሦስት ወፍ አንድ ስም ከጠራች ነገሩ አለቀ። የቀረ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ወሰደ ማለት ነው። ምንይሉ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ስለዚህ ወረደ።

በመጀመሪያው ቀን ሰው ይቀልድ ነበር።

«ሰውዬው ራሱ ይውጣና ፍየላችንን እንጠብቅ!»

«የስንዴው ዋጋ ነው ይኼ። ፈረንጅ በነጻ የሚሰጥ መስሏችሁ ነበር?»

«ነግሬያችሁ አልነበር? በሽታውን በከረጢት ነው ያመጡት!»

በሁለተኛው ቀን ግን ፍየል ወደ ማሳ ገባ፣ ሰው ተራበ፣ ቀልዱም ቆመ። ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ ብድግ አሉ። ሦስት ወፎች ዘበነን ጠርተዋል።

ዘበነ ንብ አርቢ ነው፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከቀፎዎቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ከዚህ በቀር ምንም የለበትም። ስሙን ሲሰማ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እኔ? ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ሚስቴ ናት የተወችኝ!»

«ለምን ተወችህ? ያንን ነው የምንጠይቅህ» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ፤ ደስ የማይል ሳቅ። ሁለት ጎረምሶች ከወዲያና ከወዲህ ክንዱን ያዙት።

ምንይሉ ዝም ቢል ቤቱ ይገባል፤ ዘበነ ግን ከተወለደበት ቀዬ ይነቀላል፣ ያውም ሳይደበደብ ከተረፈ። ቢናገር ደግሞ ክንዱን የሚይዙት የእሱን ነው። ገና ሲያወጣ ሲያወርድ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ፋንታሁን በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ቆይ እስቲ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀኝ የለም። እናንተንስ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ያስታወሰ አልተገኘም። ዓይን ሁሉ ወደ ምንይሉ ዞረ።

«አያ ፋንታሁን» አለ ምንይሉ ተነሥቶ፤ «እውነትዎን ነው። አፍሬ አልጠየቅኩም። አርባ ሦስታችሁንም አይደለም ብዬ ሞላሁ። አርባ አራተኛው የኔ ሙከራ ነው። ቅጹ መሥራቱን ሳይ ቆይቼ ሳልሰርዘው ቀረሁ።»

«ማፈርህስ ደግ» አሉ ፋንታሁን። «ግን ሙከራ ከሆነ፣ ለራስህስ አይደለም አትልም ነበር?»



«አይደለም ካልኩ የሚቀጥሉት አምስት ጥያቄዎች አይከፈቱም» አለ ምንይሉ። «አዎ ሲባል ነው የሚከፈቱት። የሚሞክር ሰው የሚከፈተውን ሁሉ መክፈት አለበት።»

ይህ እውነት ነበር፤ ማንኛውም መረጃ ሰብሳቢ ይመሰክርለታል። አምስቱንም አንድ በአንድ፣ ሳይዋሽ እንደመለሰ ብቻ አልተናገረም።

«ሁለት ቀን ሙሉ የዚህን ልጅ ጣት ስንፈልግ!» አለ አንዱ፤ አሁን የመጣው ሳቅ የእፎይታ ነበር። ጎረምሶቹ የዘበነን ክንድ ለቀቁ።

ሥርዓቱ ግን በመሐላ ነው የሚዘጋው። ምንይሉን በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት ቄስ ገብረ አምላክ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ።

«በል ልጄ፤ ያ ቃል ሐሰት ነው በል።»

በዕድሜው ስለ ራሱ አንድ እውነት ጽፎ ነበር። እሱን ነው ካድ የሚሉት። ዘበነ ከፊት ለፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ያየዋል።

«ያ ቃል ሐሰት ነው» አለ ምንይሉ። «ዋሽቼ እንደሆነ እንደ ጨው ያሟሟኝ፣ እንደ ጉም ያብንነኝ።» መስቀሉን ተሳለመ።

ሰው ሊበተን ሲል አጎቱ የሻምበል እጁን አነሣ። «ወሬ በመሐላ ብቻ አይሞትም። ወረዳ ላይም ይህ ልጅ ለምን አላገባም ማለታቸው አይቀርም። በሉ ሽማግሌዎች፣ እዚሁ እንዳረውና እንጨርሰው።»

«እኔ ቤት አልጣሽ አለች» አሉ ፋንታሁን፤ ልጃቸውን ነው። «ቁም ነገረኛ ናት። ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

«ምን ትላለህ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ፊቱ ሁሉ ደግ ነው፤ የሚጠላው አንድም የለም። አሁን እምቢ ቢል፣ ያ ጥያቄ እንደገና ይነሣል፤ ዘበነም ከአጠገቡ አልራቀም።

«እሺ» አለ።

እልልታው ከአጥር ውጭ ከቆሙት ሴቶች ተነሣ። ዘበነ መጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «ለሠርግህ የጠጁን ማር እኔ ነኝ የምችለው! እስክሞት ውለታህን አልረሳም፣ ወንድሜ» አለው። ምንይሉ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድ በስተግራ ነበር፤ አጎቱ ግን ክንዱን ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፋንታሁን ቤት መራው።