የክብሪቷ በር

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባች የክብሪት ቀፎ አነሳች። እሳት ልትጭር ነው ብዬ ልነጥቃት ስል፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮ አጋድማ ቀፎውን በላዩ ወዲህ ወዲያ ታንሸራትት ጀመር። የዘረጋሁት እጄ እንዳለ ቀረ።

ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ጎረቤታችን የሀዊ አባት፣ አባ ሀዊ የምንላቸው፣ ልክ እንዲህ ያደርጉ ነበር። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የእንፋሎት ባቡር ጠግነዋል፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ወፍጮ ቤት ነበሩ፣ ዱቄትና የሞተር ዘይት ይሸታሉ። ማናችንም ባቡር አይተን አናውቅም። ልጃቸውን ሀዊን ደጃፉ ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስረዷታል፤ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ሲጠሯት “ኢንተላ ኮ” ነው፣ ልጄ እንደማለት። በጫማዋ ቀንቼ አላውቅም። ያቺ ቃል ግን ታቃጥለኝ ነበር፤ አባቴ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ነገር አስረድቶኝ አያውቅም።

እንዲህ ነበር የሚያስረዱት፦ ቆርቆሮው ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንድ በዚህ ጫፍ፣ አንድ በዚያ። ክብሪቷ አንዱን ስትከፍት እንፋሎት ገብቶ ፒስተኑን፣ ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ብረት፣ ይገፋዋል፤ ሌላውን ስትከፍት ይመልሰዋል። ፒስተኑ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ደግሞ በዘንግ ክብሪቷን መልሶ ይገፋታል። የክብሪቷን ስምም ነገሩን፦ ቫልቭ። በማግስቱ ይህቺ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ ሀዊ ስሟ ለጊዜው ጠፋት። እኔ ቸኩዬ “በልበላ” አልኩ። በኦሮምኛ በር ማለት ነው።

ሀዊ ሳቀች። “ቫልቭ እኮ ነው፣ አንቺ ደንቆሮ።”

እሳቸው አልሳቁም። “እውነቷን ነው፤ በር ናት። ነይ ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ።

የሀዊ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ያን ቀን ብቻ እሷ በእኔ ቀናች። ተቀምጬ የሰማሁትን አልረሳም፦ ጎበዝ ነጂ በሯን ቶሎ ይዘጋታል፤ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ራሱ እየሰፋ ይገፋል።

እኔ አምስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። ሀዊ ዛሬ የልጄ መምህርት ናት።

“ማን አሳየሽ?” አልኳት ልጄን።

“ቲቸር ሀዊ ናት። ቫልቭ ማለት በልበላ ነው፣ ልጅ ሆኜ ራሴ ያወጣሁላት ስም ነው አለችን።”

ያኔ የቀናሁት በአባቷ ነበር። አሁን ልጄ የሀዊን ስም ስትጠራ ዓይኗ እንዴት እንደሚበራ አየሁ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ነገ ክፍል ውስጥ ብትናገረውስ? መምህርቷ ብትቀየምባትስ? “ጎበዝ፣ ደብተርሽን አውጪ” አልኳት።

በሯን ቶሎ ዘጋኋት። ውስጥ የቀረው ግን ይኸው እስካሁን እየሰፋ ይገፋኛል።