ለአለያማ የተወቀጠ ቅመም

ዘነበወርቅ ዓለምን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነበር። ዝናቡ ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ ቡታጅራ ከመግባቱ በፊት ይሸታታል፤ ጎረቤት ቅቤ ሲያነጥር ኮሰረት ማነሱን ከአጥር ማዶ ሆና ትናገራለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ኑሮዋ ለገበያ በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት፣ የጓሮዋን ክፍል ማከራየት ነው። በዚያ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ክፍሏን የተከራዩት ሕንዳዊው የሒሳብ አስተማሪ መምህር ቶማስና ሚስቱ አለያማ ነበሩ።

አለያማ ከአገሯ ይዛት የመጣች አንዲት ቆርቆሮ አለቻት፤ እናቷ ቆልተው የፈጩት ቅመም ያለባት። ክዳኗ ሲነሳ ዘነበወርቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያኔ ጓሮው ይጠፋል፣ እንሰቱ ይጠፋል፤ አይታው የማታውቀው ባሕር ከፊቷ ይዘረጋና ቀጫጭን ዛፎች ዳርቻው ላይ ይወዛወዛሉ።

«ክደኚው ልጄ፣ ሄጄ መቅረቴ ነው» ትላታለች። አለያማ ትስቃለች።

ሳቁ የቆመው አለያማ ስታረግዝ ነው። የበላችው አልረጋላት አለ። ከምግብ ሁሉ ሆዷ የሚቀበለው ያ ቅመም ጣል ያለበትን ምስር ብቻ ሆነ፤ እሱንም ትንሽ ትንሽ። ጉንጯ ጎደጎደ። ከጤና ጣቢያ ድሬሰሩ መጥቶ አያትና «ካልበላች ለልጁም ያሰጋል፤ አዲስ አበባ መሄዷ ነው» አለ።

«እኔ እያለሁ?» አለች ዘነበወርቅ። እናም ቆርቆሮዋን አንስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ማጀት ገባች።

አለያማን ስታበስል አይታት አታውቅም። ስለዚህ እጇ የለመደውን አደረገ። ሽንኩርቱን አበሰለች፣ ቅቤ ጨመረች፣ የቀረውን ቅመም በሙሉ እንደ በርበሬ ገለበጠችና ውሃ ጠብ እያደረገች አቁላላችው፣ አቁላላችው፤ ምስሩን የጨመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሽታው ሰፈሩን አነሳው። ቆይቶ መረረ። አለያማ አንዴ ቀመሰችና አስቀመጠችው። ከዚያ ባዶዋን ቆርቆሮ አየች። አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ይዛት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ አለች ዘነበወርቅ በልቧ።

አርብ ገበያ ቆመ። ቆርቆሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ቅመም ነጋዴው አሚኑ ዘንድ ሄደች።

«እትዬ፣ ዛሬ ባዶ ቆርቆሮ ልትሸጪልኝ ነው?»

«ቀልዱን ተወውና አሽትት። ምን ምን አለበት?»

አሚኑ አሸተተ። ደገመ። «ወላሂ፣ ይቺስ ሰው ታስከትላለች!»

እሱ ሲያሸት፣ እሷ ስትቀበለው፣ ያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ ከሁለቱም ጆሮ ራቀ። ቅቤ ሻጯ መሰለች ስታልፍ አየቻቸው።

«አንተ አሚኑ! ጠጅ ጀመርክ እንዴ? ያውም በቆርቆሮ!»

«ሂጂ ወዲያ፣ ሕንድ አገር ደርሰን እየመጣን ነው!» አለ አሚኑ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ቀረፋው ተገኘ። ቅርንፉዱ፣ ድንብላሉ፣ ከሙኑ፣ ቁንዶ በርበሬው አንድ በአንድ ከየጆንያው ወጣ። አንዱ ሽታ ግን አልለይ አላቸው።

«ሄል ነው» አለ አሚኑ በመጨረሻ። «እኔ ዘንድ የለም። ዘመዱን ኮረሪማን ውሰጂ፤ ለሆድም ደግ ነው።»

ቤቷ ገብታ ሁሉንም ለየብቻ አመስ አመስ አድርጋ ወቀጠችው። የሙቀጫው ድምፅ ስቧት ነው መሰል አለያማ ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። ሽንኩርቱ ሲበስል ዘነበወርቅ ቅመሙን ልትጨምር እጇን ዘረጋች፤ አለያማ አንጓዋን ያዘቻት።

«አሁን አይደለም፣ እትዬ!»

ጠበቁ። ምስሩ ፈላ፣ ሟሟ። አለያማ ድስቱን ከምድጃ አስወረደቻት። «አሁን» አለች። በጣቶቿ ቆንጥራ ከላይ ነሰነሰችና ቶሎ ከደነችው።

ዘነበወርቅ ጭንቅላቷን ያዘች። «መከለሻ! ይሄ እኮ መከለሻ ነው! ወጥ ሲወርድ ጣል የምናደርገው! ምነው ብትነግሪኝ?»

«ምነው ብትጠይቂኝ?» አለች አለያማ።

ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ማጀቱን ሞላው። አለያማ አንድ ማንኪያ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች። 

«የእናቴ አይደለም» አለች አለያማ።

ዘነበወርቅ ድስቱን ልትከድን ተነሳች። አለያማ ግን ዓይኗን ሳትገልጥ ሁለተኛ ጎረሰች፤ ሦስተኛ፤ ከዚያ ሳህኑን ዘረጋችላት።

«ጨምሪልኝ።»

ውጭ ዝናቡ ከዘቢዳር እየወረደ ነበር። ዘነበወርቅ ጨመረችላትና እሷም ዓይኗን ጨፈነች። ያ ባሕር ተመልሶ መጣ። አሁን ግን ዳርቻው ላይ፣ ከቀጫጭኖቹ ዛፎች መሀል፣ እንሰት በቅሎበታል።